ለቅሶ ቤት ያላሾፈው ሳሞ

ኢሌር ቶኤ ማይክሮፎን ፊት ሲቀመጥ የእኔ የመጀመሪያ ሥራ ድምፁን መቀነስ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ወፍጮ ቤት ውስጥ ከሞተር ጋር ሲጯጯህ ስለኖረ ሰው ሁሉ መንገድ ማዶ የቆመ ይመስለዋል። «ኢሌር፣ ማይክሮፎኑ ይሰማል፤ የደነቆርከው አንተ ነህ» እለዋለሁ። «አንቺ የሞሲ ሎሌ፣ አርፈሽ ቁልፍሽን ንኪ!» ይለኛል። በዕድሜ አባቴ ይሆናል፤ ግን እሱ ሳሞ ነው፣ እኔ ሞሲ ነኝ። ሳሞና ሞሲ የተባሉት ሁለቱ ሕዝቦች ደግሞ ከጥንት ጀምሮ እየተሰዳደቡ የሚዋደዱ የቀልድ ዘመዳሞች ናቸው። ሳሞን አንቱ ብዬ ባናግር እናቴ «ምን አጣላችሁ?» ብላ ትጠይቀኛለች።

ስሜ ላሙሳ ነው። ከያኮ ወደ ቱጋን በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ከተማችን፣ በሕዝብ ሬዲዮ ጣቢያ ቴክኒሻን ነኝ። ሰው ሬዲዮ ሲባል የሚናገረውን ብቻ ነው የሚያስበው፤ የሚናገረውን ማን እንደሚያሰማው አይጠይቅም። ይሁን፤ የማወራው ስለ ኢሌር ስለሆነ ማማረሩን ልተወው።

ኢሌር ወፍጮውን የወረሰው ከአባቱ ነው። መጀመሪያ ቺንጋው ተበጠሰና ለወጠው። ቀጥሎ ድንጋዮቹ አለቁና ለወጣቸው። በመጨረሻ ሞተሩ ተቃጥሎ ሌላ ሞተር ተከለ። ያን ቀን፣ ማሽላቸውን በሳፋ ይዘው ወረፋ ወደሚጠብቁት ሴቶች ዞረና፣ «እስኪ ንገሩኝ፤ ይሄ አሁን የአባቴ ወፍጮ ነው ወይስ ሌላ ወፍጮ?» አላቸው። ግማሾቹ ሌላ ነው አሉ፤ ግማሾቹ ያው ነው አሉ። ክርክሩ ጦፎ ወረፋቸውን የረሱም ነበሩ። በመጨረሻ ከኋላ የቆመች አንዲት ቀጭን ሴት ጉሮሮዋን ጠረግ ጠረግ አደረገችና፣ «እኔ ስለ ሞተር አላውቅም። ዱቄቱን ግን ልክ እንደ አባትህ መሬት ላይ ትደፋዋለህ። ስለዚህ የአባትህ ወፍጮ ነው» አለች። ወፍጮ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ኢሌር ግን አልሳቀም። እጁን ዱቄት ውስጥ እንደከተተ ቆሞ ያስብ ጀመር፤ ሴቶቹ «ኧረ ፍጭልን!» እያሉ ቢጮሁበትም አልሰማቸውም።

ሴትየዋ ቴምፖኮ ነበረች፤ የባባ ራኦጎ ቤለም ሚስት። ባባ ራኦጎ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። በወጣትነታቸው የካቶሊክ ካህን ሊሆኑ ዘርዓ ክህነት፣ የካህናቱ ትምህርት ቤት፣ ገብተው ነበር። የፍልስፍናውን ትምህርት ጨርሰው ወደ ሃይማኖቱ ሊያልፉ ሲሉ ለዕረፍት አገራቸው መጡና ቴምፖኮን አዩ። በዚያው ቀሩ። ማታ የወፍጮ ቤቱን ክርክር ብትነግራቸው፣ በማግስቱ የራሳቸውን ዱካ ተሸክመው ከች አሉ።

«ውሻ በላተኛው ሳሞ አንተ ነህ?» አሉት።

«እኔ ነኝ፣ አንተ አህያ በላተኛ! ግባ። ወንበር ግን አልሰጥህም።»

«ለሞሲ ወንበር እንደማትሰጥ አውቄ ነው ይዤ የመጣሁት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱን የሚለያቸው ጠፋ። ባባ ራኦጎ ጠዋት ጠዋት እየመጡ የጥንት አሳቢዎች ያሉትን ያወራሉ፤ ኢሌር ከወፍጮው አንፃር ይመረምረዋል፤ ሴቶቹ ይፈርዳሉ። ወሬው የጣቢያችን ኃላፊ ጆሮ ገባና «ይሄንኑ መጥታችሁ በሬዲዮ አውሩት» አላቸው። ፕሮግራሙ «እስኪ አስቡት» ተባለ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር የሚተላለፈው፤ ገበያተኛው ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ሬዲዮኑን የብስክሌቱ መሪ ላይ አንጠልጥሎ እያዳመጠ የሚሄድበት ሰዓት። አንድ አድማጭ ደውሎ «ፍልስፍና ፍልስፍና ትላላችሁ፤ ምንድን ነው እሱ?» ቢል ኢሌር ቀበል አድርጎ፣ «ወፍጮ ቤት ተራህን ስትጠብቅ የምታስበው ነገር ነው። ተራህ ሲደርስ የምትረሳው» አለው። ባባ ራኦጎ ከዚህ የተሻለ ፍቺ ዘርዓ ክህነትም አልሰማሁም ብለው መሰከሩለት፤ ቀጥለውም «ሳሞ አንዳንዴ ውሻ ሳይበላ ሲውል አእምሮው ይሠራል» አሉ።

መክፈቻቸው ሁልጊዜ እንዲህ ነበር፦ «አድማጮች ሆይ፣ ከጎኔ የተቀመጠው ያው የምታውቁት ሳሞ ነው። ሰፈራችሁ ውሻ የጠፋበት ካለ ከፕሮግራሙ በኋላ መጥቶ ይጠይቀው።»

ስልኩ ሲከፈት የመጀመሪያዋ ደዋይ መቼም አትቀየርም። ጉሮሮዋን ጠረግ ጠረግ ታደርግና፣ «ሃሎ! ካርዴ ሊያልቅ ነው፤ አታቋርጡኝ!» ትላለች። ስሟን «የገበያዋ ሴት» ብላ ነው የምታስመዘግበው። ቴምፖኮ መሆኗን ከተማው በሙሉ ያውቃል። ባባ ራኦጎም ያውቃሉ፤ ግን ኮስተር ብለው «እመቤት የገበያዋ፣ እንኳን ደህና መጡ። ጥያቄዎ ምንድን ነው?» ይላሉ። «ጥያቄ የለኝም። ያ አስተማሪ ስለ ትዕግሥት ያወራውን አትስሙት ለማለት ነው። እቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው ነው!» ትላለች። ኢሌር በደስታ ጠረጴዛውን ሲደበድበው እኔ ደግሞ ድምፁን ለመቀነስ እሯሯጣለሁ።

እንግዲህ ነገሩ የተበላሸው ዝናብ ሊገባ ሲል ነው። አንድ አድማጭ ደወለና፣ «ዋና ከተማ ያሉት ልጆቼ፣ የቀልድ ዘመድ ለቅሶ ቤት መጥቶ የሟቹን ልብስ ለብሶ ማሾፉ፣ ምንጣፉ ላይ ተኝቶ ካልከፈላችሁኝ አልነሳም ማለቱ ነውር ነው አሉኝ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?» ብሎ ጠየቀ። ባባ ራኦጎ ለባህሉ ተከራከሩ። ኢሌር ደግሞ «ሁለት ሰው አንድ ነገር ካለ አንዱ ትርፍ ነው» ባይ ስለሆነ፣ ተቃራኒውን ያዘ። ለክርክር ብሎ የያዘውን ነገር እየወደደው ሄደ። «የወደድኩት ሰው ሲሞት ከልቤ አለቅሳለሁ እንጂ ልብሱን ለብሼ አልጨፍርም! ልማድ ከልቤ ይበልጣል እንዴ?» አለ። ብዙ ሰው ደወለና አመሰገነው። ቴምፖኮ ግን መስመሩ እስኪለቀቅላት ጠብቃ፣ «ሃሎ፣ ካርዴ ሊያልቅ ነው! አንተ ሳሞ፣ እኔ ስሞት መጥተህ ካላሾፍክብኝ ከመቃብር ተነስቼ ራሴ ነኝ የማሾፍብህ» አለች። ሁላችንም ሳቅን።

ክረምቱ ሳይጋመስ ሞተች። ከእርሻ መጥታ «ራሴን» ብላ ጋደም አለች፤ አልተነሳችም።

ለቅሶ ቤቱ የነበረውን ዛሬም አልረሳውም። ባባ ራኦጎ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብለዋል። የሞሲው ለቀስተኛ ሁሉ ዓይኑ በር በሩን ያያል። ሳሞው ሲመጣ ምን ይል ይሆን፣ ሻሿን እንዴት ያስር ይሆን እያለ ሁሉም ጠበቀ፤ የሚያለቅሰውም እንባውን ገታ አድርጎ ጠበቀ። ኢሌር መጣ። የተተኮሰ ነጭ ልብስ ለብሷል። ዓይኖቹ ፍም መስለዋል። እጆቹን አጣምሮ ባባ ራኦጎ ፊት ቆመና አንገቱን ደፍቶ፣ «ባባ ራኦጎ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ቴምፖኮ ታላቅ ሴት ነበሩ» አለ።

ባባ ራኦጎ ቀና ብለው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ወደ ልጆቻቸው ዞረው፣ በቀስታ፣ «ለእንግዳው ወንበር ስጡት» አሉ።

ከዚህ የከፋ ነገር በእኛ አገር አይነገርም። ሳሞ የሞሲን ሟች አክብሮ ቀበረ ማለት፣ ከዛሬ ጀምሮ አልተዛመድንም አለ ማለት ነው። ኢሌር ልቡ ተሰብሮ ነበር፤ ዓይቼዋለሁ፣ የእውነቱን ነው። ግን አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ በሬዲዮ የተናገረው ቃል ቀድሞት ለቅሶ ቤት ደርሶ ጠበቀው። ከተማው ሁሉ የሰማውን አንገት ላይ እንደታሰረ ገመድ እየጎተተ ገባ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሌላ ምን ያድርግ?

ባባ ራኦጎ በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጡም። በሌላውም አልመጡም። ኢሌር ብቻውን ገብቶ ጥያቄ ያነሳል፣ ራሱ ይመልሳል፣ ራሱን ይቃወማል። የሚደውለው ሁሉ «ሞሲው የት ሄደ?» ብሎ ብቻ ይዘጋል። ከሁሉም የባሰው ግን ሌላ ነው፤ ሞሲ በሙሉ ጨዋ ሆነበት። ወፍጮ ቤት «አንተ ደንቆሮ፣ ቶሎ በል!» ይሉት የነበሩ ሴቶች «እባክዎ፣ ሲመችዎ» ይሉት ጀመር። መንገድ ላይ ውሾቻቸውን ከእሱ ይደብቁ የነበሩ ልጆች ቆመው እጅ ይነሱታል። እኔም ተናድጄ ስለነበር አንድ ቅዳሜ ማዳመጫውን አቀብዬው፣ «አቶ ኢሌር፣ ዝግጁ ነዎት?» አልኩት። አልጸጸትም፤ ሊሰማው ይገባ ነበር። ግን ያን ቀን ድምፁን መቀነስ አላስፈለገኝም። ከፍ ማድረግ ነበረብኝ።

ፕሮግራሙ ሲያልቅ አልተነሳም። «ላሙሳ፣ አንቺም?» አለኝ።

«ምን ላድርግህ ታዲያ? ሄደህ አታናግራቸውም?»

«ሄጃለሁ። ይቅርታ ልጠይቀው ሄጄ ወንበር ሰጠኝ። ውሃ ሰጠኝ። ለእንግዳ የሚቀርበውን የኮላ ፍሬ ሰጠኝ። ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ!» ሲለኝ የተደበደበውን ቦታ የሚያሳይ ሰው ይመስል ነበር።

«ይቅርታ የሚጠይቅማ እንግዳ ነው፣ ኢሌር። ከመከር በኋላ ትልቁ ተዝካር አለ። ሂድና የለቅሶ ቤቱን ሥራህን ጨርስ።»

ራሱን ነቀነቀ። «እንዴት አድርጌ? ውስጤ እያለቀሰ ብስቅ ውሸት ነው። እሱ እንዲመለስልኝ ብዬ ባሾፍ ደግሞ ልመና ነው እንጂ ቀልድ አይደለም። በየትኛውም በኩል ብታዪው እውነት የለበትም።» ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ኢሌርም እስከ አንገቱ ሰምጦ ይከራከራል።

ታላቅ እህቱ ኦዲል በር ላይ ቆማ ስትሰማ ነበር። ዶሎ የሚባለውን የማሽላ ጠላ ጠምቃ የምትሸጥ፣ ምላሷ የሚፈራ ሴት ናት። ገባችና ከበላዩ ቆመች።

«አንተ፣ ማን ሳቅ አለህ?» አለችው።

«ምን?»

«ማን ሳቅ አለህ ነው የምልህ! አሹፍ ነው የተባልከው። የሚስቁት እነሱ ናቸው። እኛ ለማልቀስ ማ ከለከለን፣ እቤታችን ሄደን እናለቅሳለን። ሐዘንተኛው ግን የተቀመጠበት ቦታ ሳቅ ራሱ አይመጣለትም፤ ሰው ነው የሚያመጣለት። አንተ ነበርክ የምታመጣለት። ባዶ እጅህን፣ ልብስህን ተኩሰህ ሄድክ! በአንተ የተነሳ የዚህ ከተማ ሞሲ እኔን ‹እመቤት ኦዲል› ይለኛል፤ ዶሎዬን ሳይሰድበኝ የሚጠጣ ጠጪ ምን ያደርግልኛል?»

ኢሌር ተነስቶ ከስቱዲዮው ወጣ። ክርክር ጥሎ ሲሄድ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ተዝካሩ ማሽላው ጎተራ ከገባ በኋላ፣ ደረቁ ነፋስ አቧራውን ይዞ በመጣበት ሰሞን ነበር። የባባ ራኦጎ ግቢ ሞልቷል። ከበሮ ይመታል፣ ዶሎ በቅል ይዞራል፣ ትኩስ የማሽላ ገንፎ ከባሚያ ወጥ ጋር እየወጣ ነው። ባባ ራኦጎ የቴምፖኮ ምንጣፍ አጠገብ ተቀምጠዋል። ከስተዋል። ሰው ያናግራቸዋል፣ ይመልሳሉ፤ ግን መልሳቸው ሁሉ አንድ ቃል ነበር።

በሩ አካባቢ ያሉ ሴቶች መንጫጫት ጀመሩ። ዞር ስል፣ የቴምፖኮን አበባማ ጨርቅ አሸርጦ፣ ሻሿን እሷ እንደምታስረው ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ አስሮ፣ ማሽላ የሞላ ሳፋ ጭንቅላቱ ላይ የተሸከመ ግዙፍ ሰው ይገባል። ልብሱን የሟቿ ልጅ ናት ለኦዲል በስውር የሰጠቻት። አረማመዱ ራሱ የቴምፖኮ ነው፤ ሁልጊዜ ትቸኩል ነበር። ግቢው መሐል ደርሶ ሳፋውን አወረደና የላስቲክ ጫማውን አውልቆ ጆሮው ላይ ለጠፈው። ጉሮሮውን ጠረግ ጠረግ አደረገ።

«ሃሎ! ካርዴ ሊያልቅ ነው፤ አታቋርጡኝ!»

ከበሮው ቆመ።

«ሃሎ! ከወዲያኛው አገር ነው የምደውለው። እዚህ ደህና ነኝ። ወረፋ የለም። ሰዉ ግን ወጥሽ ጨው በዛበት እያለ ስሜን ያጠፋል። ሐሰት ነው! ባሌ ይመስክር፤ ያን ሁሉ ዓመት ያን ወጥ ሲበላ አንድ ቀን ጨው በዛ ብሎ አያውቅም። እስኪ ፈላስፎች ፍረዱ፤ ታጋሽ ነው ወይስ ፈሪ?»

መጀመሪያ የሳቀችው የቴምፖኮ ልጅ ናት። ከዚያ ሳቁ ግቢውን ዞረ። ጨውዋን ሁላችንም እናውቀው ነበር፤ እሷ ቤት በልቶ ውሃ ሳይለምን የወጣ የለም። ባባ ራኦጎ አንገታቸውን ደፍተዋል። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ ይስቁ ያልቅሱ አልለየሁም። ኢሌር ጫማውን ጆሮው ላይ እንደያዘ ቆሞ ጠበቀ።

ባባ ራኦጎ ቀና አሉ። ፊታቸው በእንባ ታጥቧል። በዚያ የሬዲዮ ድምፃቸው፣ ኮስተር ብለው፣ «እመቤት የገበያዋ፣ እንኳን ደህና መጡ። ጥያቄዎ ምንድን ነው?» አሉ።

ያን የሚያደነቁር ድምፁን ኢሌር ዝቅ አደረገው። እኔ ሳልነካው፣ በራሱ። «ጥያቄዬ፣ ያ ሞኝ ሳሞ ብቻውን የሚያወራው እስከ መቼ ነው?»

«ሳሞ አላውቅም። አንድ ልብሱን የተኮሰ እንግዳ ግን መጥቶ ነበር።»

«እሱ ሞቷል! ቀብሬው ነው የመጣሁት» አለና ኢሌር ምንጣፏ ላይ ዘፍ ብሎ ተጋደመ። «ካልከፈላችሁኝ አልነሳም!»

አሁን ግቢው ነፍስ ዘራ። አንዱ ዶሮ አመጣ፤ «አልነሳም!» አለ። የኮላ ፍሬ አመጡ፤ «አልነሳም!» ዶሎ በትልቅ ቅል አመጡለት፤ ተኝቶ ጠጣውና፣ «ይሄ የኦዲል ነው፣ ከቤቴ የመጣ አይቆጠርም፤ አልነሳም!» አለ። ሕዝቡ በሳቅ ሞተ። ባባ ራኦጎ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሱና ከበላዩ ቆሙ።

«ምን ትፈልጋለህ፣ አንተ ውሻ በላተኛ?»

«ቅዳሜን።»

ባባ ራኦጎ ሻሿን አዩት።

«ውድ ነው» አሉ።

«እሷም ርካሽ አልነበረችም።»

«እንካ ቅዳሜህን! ተነስ ከሚስቴ ምንጣፍ ላይ፣ አንተ ሎሌ!» ብለው በዱላቸው ጎኑን ወጋ አደረጉት። ኢሌር ተነሳ፤ ሻሹ ዓይኑ ላይ ተንሸራቶ፣ ከነጨርቁ ባባ ራኦጎ ላይ ተጠምጥሞ እንደ ልጅ አለቀሰ። ማንም ወንበር አላመጣለትም። ምንጣፉ ላይ አብረው ተቀመጡ፣ እሱ ከእነ አበባማ ጨርቁ። ደስ ብሎኝ አለቀስኩ፤ ምን ያስደብቀኛል?

ቅዳሜ ባባ ራኦጎ ዱካቸውን ተሸክመው ስቱዲዮ ገቡ። ወንበር እንዳለን ያውቃሉ። የኢሌርን ድምፅ ቀነስኩ። «አድማጮች ሆይ፣ ሰፈራችሁ ውሻ የጠፋበት ካለ...» ሲሉ ከውጭ፣ ከመንገዱ፣ ከየብስክሌቱ እልልታ ተሰማ።

የስልኩ ሰዓት ሲደርስ ግን ሁለቱም ስልኩ ላይ አፈጠጡ። የመጀመሪያዋ ደዋይ ማን እንደነበረች ሦስታችንም እናውቃለን። ስልኩ አልጠራም። ሬዲዮ ላይ ዝምታ ክፉ ነገር ነው፤ ሙዚቃ ልለቅ እጄን ዘርግቼ ነበር። ጠራ።

አንዲት ሴት ናት፤ ድምፅዋን አላውቀውም። ከኋላዋ ወፍጮ ይሰማል፤ የወረፋው ሴቶች «በይ፣ በይ!» ይሏታል። ጉሮሮዋን ጠረግ ጠረግ አደረገች።

«ሃሎ! ካርዴ ሊያልቅ ነው፤ አታቋርጡኝ!»

ባባ ራኦጎ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ኢሌር ወደ እሳቸው ጠጋ ብሎ፣ «ድምፁ ሌላ፣ ሴትየዋ ሌላ፣ ስልኩ ሌላ» አለ። «እስኪ ንገረኝ አንተ ሞሲ፣ ይቺ ያቺው የገበያዋ ሴት ናት ወይስ ሌላ?»

ባባ ራኦጎ እጃቸውን ከአፋቸው አነሱ። «ዱቄቱን ልክ እንደ እሷ ትደፋዋለች» አሉና ወደ ማይክሮፎኑ ጎንበስ አሉ። «እመቤት የገበያዋ፣ እንኳን ደህና መጡ።»